አርባ ሺህ ብር፦ የመኪና አደጋ ካሳ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559 ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። መኪና ሰው ገጭቶ ቢገድል መድን ሰጪው ለሟች ወገኖች የሚከፍለው ቢበዛ 40,000 ብር ነው። ያው መኪና አጥር ቢያፈርስ፣ ሱቅ ቢደረምስ ወይም የሌላ ሰው መኪና ቢጨፈልቅ ግን እስከ 100,000 ብር ይከፈላል። በ2005 ዓ.ም. ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 799ም እነዚሁኑ ጣሪያዎች ይዞ ቀጠለ።

ይህን ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሕግ አውጪው ለሰው ግድ አልነበረውም ብሎ ነው። ታሪኩ ግን ከዚያ የተወሳሰበ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ በመኪና ለተጎዳ ሰው «ማን ይክፈል?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ አገሮች በተሻለ መንገድ መልሶታል፤ መልሱም ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው «ምን ያህል?» በሚለው ላይ ነው። እዚያ ላይ ሕጉ ቁርጥ ያለ የብር ቁጥር ጻፈ። ብሩ ሲወርድ የተጎጂው ዋጋም አብሮት ወረደ።

ከመኪና በፊት

ሰው ሰውን ሲጎዳ ካሳ መክፈል በዚህ ምድር ከመኪና እጅግ የቀደመ ነገር ነው። ኦሮሞው ጉማ ይለዋል፣ ሶማሌው ማግ፤ በአማራው አገር ሽማግሌ ገብቶ ደም ያደርቃል። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን ሆን ብሎ የገደለንና ሳያስበው የገደለን ይለያል። ዝርዝሩ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም ሁለት ነገሮች በብዙ ቦታ ይመሳሰሉ ነበር።

አንደኛ፣ ዕዳው የአጥፊው ብቻ አልነበረም። ዘመድ አዝማዱ አዋጥቶ ይከፍላል። አንድ ድሃ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ካሳ ብዙዎች ሲከፋፈሉት ይቻላል። ዛሬ መድን የሚባለው ነገርም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ዝምድናው በደም መሆኑ ቀርቶ በዓረቦን መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ካሳው በአብዛኛው የሚቆጠረው በከብት ወይም በግመል ነበር። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ላም በአያት ዘመንም ላም ናት፣ በልጅ ልጅ ዘመንም ላም ናት። ገበያው ሲወደድ እሷም ትወደዳለች። ስለዚህ በላም የተቆረጠ የነፍስ ዋጋ ዘመን ስለተቀየረ ብቻ አይረክስም።

መኪናው ሲመጣ

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ዐፄ ምኒልክ ፊት አቀረበ። ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የውጭ ዜጎች ንብረት ሆኖ ቆየ። ነገሩን የቀየረው መንገዱ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለጦር ዓላማው አውራ ጎዳናዎችን ዘረጋ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና የጭነት መኪናና አውቶቡስ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ መዝለቅ ጀመሩ።

ከዚህ ጋር የቀድሞው ሥርዓት ያልገመተው ችግር መጣ። ሽምግልና የሚሠራው ገዳይና ሟች ሲተዋወቁ፣ ቢያንስ የወገን ወገን ሲኖራቸው ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ግን መንገደኛ ነው። በገጨበት አገር ዘመድ የለውም፤ የሚያዋጣለት ጎሳ ሩቅ ነው። መኪናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም። ባለቤቱ ከተማ ተቀምጧል፤ ትርፉን ይሰበስባል፣ የገጨውን ሰው ግን አላየውም። ሹፌሩ ቢታሰርም የተጎጂው ቤት ከእስራቱ የሚያገኘው እህል የለም።

የ1952ቱ መልስ

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል በቁጥር 2028 የተለመደውን መርህ ያስቀምጣል፦ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ። መኪናን በተመለከተ ግን በዚህ አልቆመም።

ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ይነዳ የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ተጎጂው ባለቤቱ ማጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። «ፍሬን በድንገት እምቢ አለኝ» ወይም «ሹፌሩን በጥንቃቄ ነው የቀጠርኩት» የሚለው መከራከሪያ ባለቤቱን አያድነውም። ባለቤቱ ነጻ የሚወጣው መኪናው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ከዚያ ውጭ ዕዳው የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ተጎጂው ራሱ ባጠፋው ልክ ብቻ ነው። ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው የማን ጥፋት እንደሆነ ካልለየ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል።

ይህ ምን ያህል ለተጎጂ ያደላ መሆኑ የሚታየው ከሌላው ጋር ሲተያይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዛሬም የሚሠራው የቆየ የእንግሊዝ ደንብ ነው፦ የተገጨው ሰው ራሱ ጥቂት እንኳ አጥፍቶ ከተገኘ በአብዛኛው ካሳ አያገኝም። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. እንደገና አጽንቶታል። ጎረቤቷ ዋሽንግተን ዲሲ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ያሻሻለችው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያው ሕግ ግን ከመጀመሪያው የተጎጂውን ጥፋት የሚያየው ካሳውን ለመቀነስ እንጂ በሩን ለመዝጋት አልነበረም።

የካሳው ልክስ? ቁጥር 2091 አጭር ነው፦ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን። ሕክምናው፣ የቀረ ደሞዝ፣ የተበላሸ ንብረት ሁሉ ይቆጠራል። ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳትም ሳይጠበቅ ይታሰባል፤ እጁን ያጣ አናጢ የነገ ገቢውንም ነው ያጣው። ሰው ከሞተ ደግሞ በቁጥር 2095 መሠረት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ያጡትን ቀለብ መጠየቅ ይችላሉ። በቁጥር ሊወሰን ያልቻለውን ዳኛው በርትዕ ይወስነዋል።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ በጉዳት እንጂ በብር አይለካም። ሁለት ቦታ ላይ ግን ቁጥር ገባበት።

የመጀመሪያው የሕሊና ጉዳት ካሳ ነው። ልጇን ያጣች እናት፣ አካሉ የጎደለ ወጣት ለደረሰባቸው ኀዘንና ሥቃይ የሚሰጠው ካሳ በቁጥር 2116 መሠረት ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። ሁለተኛው በዚያው ቀን በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ነው። አጓጓዥ ለተሳፋሪው ያለበትን ኃላፊነት ቁጥር 597 በ40,000 ብር ገደበው፤ አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት እንደሚደርስ እያወቀ የፈጸመው ካልሆነ በቀር።

በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ 1,000 ብር 400 ዶላር ገደማ፣ 40,000 ብር ደግሞ 16,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቁጥሮቹን የጻፉት ሰዎች ተጎጂውን ሊበድሉ አስበው ነው ለማለት አይቻልም። የረሱት አንድ ነገር ብር ላም አለመሆኑን ነው።

መብት ያለ ከፋይ

ሕጉ ባለቤቱን ባለዕዳ አደረገ፤ ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ባለገንዘብ አይደለም። ባለ አንድ ታክሲ ወይም በብድር የተገዛች አንዲት ጭነት መኪና ያለው ሰው ቢፈረድበት ምኑ ይያዛል? ብዙ ጊዜ ያለው ንብረት መኪናው ነው፤ እሷም በአደጋው ተሰባብራለች። ባለመብቱ ፍርዱን በእጁ ይዞ አፈጻጸም ችሎት ሲመላለስ ይከርማል።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ችግር የወጡት ባለመኪናው ሁሉ መድን እንዲገባ በማስገደድ ነው። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. አስገዳጅ አደረጉት። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በመንገድ አደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው የማን ጥፋት ነው ሳይባል እንዲካስ ወሰነች።

በኢትዮጵያ መድን የባለመኪናው ፈቃድ ሆኖ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቸኛ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. የግል መድን እንደገና ተፈቀደ። ሥርዓት ቢለዋወጥም ባለመኪናውን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ ሳይመጣ፣ ቁጥር 2081 ከወጣ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የተገጨ ሰው መብቱ ሙሉ ነበር። የሚከፍለው ማግኘቱ ግን የገጨው መኪና ባለቤት ማን ነው በሚለው ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነበር፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይስ ድሃ ባለታክሲ?

አርባ ሺህ እንደገና

የ2000ው አዋጅ የመጣው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው፤ ብዙውንም ደፍኗል። ማንኛውም ባለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንዳት ተከለከለ። ገጭቶ ላመለጠና ላልታወቀ መኪና፣ መድን ለሌለውም መኪና ተጎጂዎች የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቋመ። ጤና ተቋማት ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ግዴታ ተጣለባቸው፤ በ2005ቱ አዋጅ ለዚህ እስከ 2,000 ብር ተመደበ። ተጎጂውን ማንም ገንዘብ አስይዝ ሳይለው ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ ብቻውን ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው።

ጣሪያው ላይ ሲደረስ ግን ያ የቆየ ቁጥር ተመልሶ መጣ። የንግድ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ለተሳፋሪ የጻፈው 40,000 ብር፣ የመድን አዋጁ በ2000 ዓ.ም. ለሟችና ለአካል ጉዳተኛ የጻፈው 40,000 ብር። በመካከሉ 48 ዓመት አለ። በ2000 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ከ4,000 ዶላር ብዙም የማይርቅ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀና አንድ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ግን ያው ቁጥር ከ400 ዶላር በታች ነው። የሕሊና ጉዳት ጣሪያ የሆነው 1,000 ብር ደግሞ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ዶላሩ ራሱ በእነዚህ ዓመታት መርከሱ ሲታሰብ ውድቀቱ ከዚህም የከፋ ነው።

ለዝቅተኛው ጣሪያ የሚሰጠው ምክንያት መናቅ የለበትም። ጣሪያው ከፍ ሲል ዓረቦኑ ከፍ ይላል፤ ዓረቦኑ ሲወደድ ታሪፍ ይጨምራል፣ አንዳንዱም ያለ መድን መንዳት ይጀምራል። አስገዳጅ መድን ባልለመደ አገር በዝቅተኛ ቁጥር መጀመር ማስተዋል ነበር ሊባል ይችላል። ይህ ክርክር ግን ሁለት ነገር አይመልስም። አንደኛ፣ ችግሩ የዓረቦን ከሆነ ለንብረት የተሰጠው ጣሪያ ለሰው ከተሰጠው እጥፍ በላይ የሆነው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ዝቅ ብሎ መጀመር አንድ ነገር ነው፤ የተጀመረበት ቁጥር በዋጋ ንረት ዓመት በዓመት ሲበላ ዝም ብሎ ማየት ሌላ ነገር ነው። ዓረቦኑም፣ ጎማውም፣ ነዳጁም፣ መለዋወጫውም በገበያው ሲወጣ የተጎጂው ካሳ ብቻ ባለበት ቆሞ ነበር። ጣሪያውን ከፍ ያደረገ ደንብ የወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በመካከሉ የተገጩት ሰዎች በአሮጌው ቁጥር ተስተናግደው አልፈዋል።

ጣሪያው የማን ጣሪያ ነው?

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለተጎጂ ቤተሰቦች ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። በመድን አዋጁ ላይ ያለው ጣሪያ መድን ሰጪው በአስገዳጁ ሽፋን የሚከፍለው መጨረሻ ነው። የመኪናው ባለቤት ዕዳ መጨረሻ ግን አይደለም። ቁጥር 2081ና ቁጥር 2091 አሁንም በሥራ ላይ ናቸው። ጉዳቱ ከጣሪያው ከበለጠ ትርፉን ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የ30 ዓመት የቀን ሠራተኛ መሥራት የማያስችለው ጉዳት ቢደርስበት፣ 40,000 ብር ሰባት ወር እንኳ የማይሞላ ደሞዙ ነው። ከፊቱ ግን የብዙ ዓመት የሥራ ዕድሜ ነበረው። «መድኑ ከፍሏል፣ ነገሩ አልቋል» ተብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቀሩትን ዓመታት የሚሸከሙት ሚስቱ፣ ልጆቹና እድሩ ናቸው።

ብዙ ጊዜ መብቱ የሚጠፋው በሦስት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በችኮላ በተፈረመ ዕርቅ ነው። ሹፌሩ ሲታሰር ሽማግሌ ይላካል። ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ወይም ኀዘኑ ሳይወጣ፣ ጥቂት ገንዘብ ይቀርብና «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ይፈረማል። ዕርቅ የተከበረ ነገር ነው፤ ካሳ መክፈል ለተከሳሹም ቅጣት ያቀልለታል። ነገር ግን በሕግ አግባብ የተደረገ የዕርቅ ስምምነት በፍርድ ቤት እንደ መጨረሻ ፍርድ ሊጸና ይችላል። የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ሳይወሰን መፈረም ዕቃውን ሳያዩ ዋጋውን እንደመቁረጥ ነው። የድሮዎቹ ሽማግሎች እንኳ ቁስሉ እስኪለይ ይጠብቁ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው በጊዜ ነው። ቁጥር 2143 ለካሳ ጥያቄ የሁለት ዓመት ይርጋ አስቀምጧል። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያ ይታያል፤ ይህ ግን ክርክር የሚያስነሳ ነገር ስለሆነ ሁለቱን ዓመት ማሳለፍ አደጋ አለው። የወንጀል ጉዳዩ እስኪያልቅ ብሎ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 ተበዳዩ ካሳውን በዚያው በወንጀል ችሎት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ጉዳዩ እዚያ ለመታየት ካልተመቸ ለብቻው በፍትሐ ብሔር ክስ ይቀርባል።

ሦስተኛው በማስረጃ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን፣ የታርጋ ቁጥሩ፣ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የባለቤቱ ስም፣ የሕክምና ማስረጃና ደረሰኝ፣ የገቢ ማስረጃ። ቁጥር 2081 ተጎጂውን ጥፋት ከማስረዳት ሸክም አሳርፎታል፤ ምን ያህል እንደተጎዳ ከማስረዳት ሸክም ግን አላሳረፈውም። የቀን ሠራተኛ፣ የጉልት ነጋዴ፣ ገበሬ የገቢ ወረቀት የላቸውም፤ ስለዚህ ምስክር መቁጠር ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሳይቀርብ ሲቀር ዳኛው በርትዕ የሚቆርጠው ገንዘብ ከእውነተኛው ጉዳት ሊያንስ ይችላል።

ምን ይሻሻል?

በየዓመቱ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ሺዎች ይሞታሉ፤ ከእነሱ የሚበዙት ቆስለው ይቀራሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። እግረኛ ማኅበር የለውም፣ ታሪፍ ሲወጣ የሚያማክረው የለም፣ ረቂቅ ሲዘጋጅ ስብሰባ አይጠራም። ባለመኪናው፣ አጓጓዡና መድን ሰጪው ግን ሁሉም ድምፅ አላቸው። ለአጥር 100,000፣ ለነፍስ 40,000 የተጻፈበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ብዙ አይሳሳትም።

የሚያስፈልገው አዲስ የሕግ ፍልስፍና አይደለም። ባለቤቱን ኃላፊ የሚያደርገው መሠረት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ የሚከፍለውን ተቋም የ2000ው አዋጅ አምጥቷል። የቀረው መለኪያው ነው። የመድኑን ጣሪያ በቋሚ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ከዋጋ ንረት ወይም ከደሞዝ ጋር ማሠር፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱም በግዴታ እንዲከለስ ማድረግ ይቻላል። የንግድ ሕጉ 40,000ም ሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1,000 ብር ከ60 ዓመት በላይ ሳይነኩ የቆዩ ቁጥሮች ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው ዛሬ ልጇን ለቀበረች እናት ሲነበብላት ካሳ ሳይሆን ስድብ ይመስላል። ሰውን ከንብረት በታች የሚያስቀምጥ ጣሪያም ከእንግዲህ በየትኛውም አዋጅ ላይ መታየት የለበትም።

እነዚህ እስኪሆኑ ድረስ በፍርድ ቤት የሚቀርበው ክስ ያው የ1952ቱን ቃል ይዞ ነው የሚቀርበው፦ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን። ቃሉ ዛሬም ሕግ ነው፤ የመድን ቼኩን ተቀብለው ፋይሉን የዘጉ ብዙ ቤተሰቦች ግን መኖሩን አያውቁም።